ክር ይያዘው ወይስ ሙጫ?

የእጅ ሥራ ገጽ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለመንገደኛ የተነገረ ይምሰል እንጂ ለልብስ ሰፊም እጅግ ይስማማል። መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ዋናው ስፌት ነው፤ ከዋናው ስፌት በፊት ጨርቁን በቦታው የሚያቆየውን ጊዜያዊ ማያያዣ ግን እንደ ትርፍ ድካም ይቈጥረዋል። የተወደዱ አንባቢ፣ በዛሬው ገጻችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ ተናቀው ሥራ ነው፤ ይኸውም የሱፍ ቅርጾችን በብርድ ልብስ ላይ ስንሰፋ መርፌው እስኪደርስ ድረስ በምን እንያዛቸው የሚለው ነው።

አንድ ወጣት ጸሐፊ አለ እንበል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ተከፍሎ ከሚተርፈው አዲስ ብርድ ልብስ የሚገዛበት አይደለም። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ አባቱ ለብዙ ዓመታት የለበሱት አንድ የሱፍ ካፖርት፣ ዳር ዳሩ ያለቀ የመንዝ ባና፣ ስለ ጨርቁ ሲል ከሰልባጅ ተራ በርካሽ የገዛው አንድ የሱፍ ጉርድ ቀሚስ አለው። ከእነዚህ የሚያምርና የሚያሞቅ ድርብ ብርድ ልብስ ማውጣት ይቻላል። ካፖርቱ ግን አንድ ነው። በሙጫ ቢደርቅ ወይም በካውያ ቢቃጠል ሌላ አይገኝለትም። ስለዚህ በምን እናያይዘው የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሥራው ምንድን ነው?

ልጥፍ ስፌት የምንለው ከአንድ ጨርቅ ቅርጽ ቈርጦ፣ በሌላ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን መስፋት ነው። ቅርጹ አበባ፣ ቅጠል፣ ወፍ ወይም ክብ ሊሆን ይችላል። ይህ የተለጠፈበት ጨርቅ ከሥሩ ገበር ተደርጎለት፣ ካስፈለገም በመካከሉ ሙቀት የሚሰጥ ንብርብር ገብቶለት፣ ሁሉም በትናንሽ ስፌት በአንድነት ሲያያዝ ድርብ ብርድ ልብስ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ቍርጥራጭ ጨርቅ እየተጣፈ የሚሠራው ልብስ «ድሪቶ» ይባላል፤ ስሙም የድኽነት ስም ሆኖ ቀርቷል። በሌላው ዓለም ግን ይህ ዐይነት ሥራ የመኳንንት ዕቃ የሆነበት ጊዜ ነበር።

በ1924 እና በ1925 እ.ኤ.አ. ኮዝሎቭ የተባለው ሩሲያዊ አገር መርማሪ የመራው ጓድ በሰሜን ሞንጎልያ፣ ኖይን ኡላ በተባለ ተራራማ ቦታ የጥንት መኳንንት መቃብሮችን ቈፍሮ ነበር። ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ከበግ ጠጉር የተሠራ አንድ ወፍራም ምንጣፍ ይገኛል። መካከሉ በጠመዝማዛ ስፌት ተደርቦ የተሰፋ ሲሆን፣ በዳር በኩል እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አራዊት ከሌላ ጨርቅ ተቈርጠው ተለጥፈውበታል። ዕድሜው ወደ 2000 ዓመት ሲጠጋ፣ አሁን የሚገኘው በሴንት ፒተርስበርግ በሄርሚታዥ ቤተ መዘክር ነው። አራዊቱን በቦታቸው ያቆየው ክር ነው።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ሴቶች ከአሮጌ ካፖርት፣ ከባርኔጣና ከብርድ ልብስ በተረፈ ሱፍ የሚሠሩት ሥራ ነበር። የአንድ ሳንቲም ገንዘብ በጨርቁ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን እየሳሉ ክብ ይቈርጣሉ፤ ትንሹን ክብ በመካከለኛው፣ መካከለኛውን በትልቁ ላይ ደራርበው ይሰፋሉ። ሥራው ከዚያ የተነሣ «የሳንቲም ምንጣፍ» ተባለ፤ ነገር ግን በወለል ላይ ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛና በአልጋ ላይም ይነጠፍ ነበር። ይህን ሥራ ለጀማሪ የምንመክረው ከክብ ቅርጽ የሚቀል ስለሌለ ነው።

አስቀድሞ ሱፉን ማወቅ

ስለ ማያያዣው ከመነጋገራችን በፊት ጨርቁ በእርግጥ ሱፍ መሆኑን ይወቁ። ከዳሩ አንድ ክር ይምዘዙና ከሳሕን ላይ አድርገው በክብሪት ያቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ የሚተርፈውም በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ዐመድ ነው። ቀልጦ እንደ ዶቃ የሚደርቅ ከሆነ ግን ከፋብሪካ የወጣ ሰው ሠራሽ ክር አለበትና በጋለ ካውያ ሥር ይቀልጣል።

የበግ ጠጉር በዐይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሱፍ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ይጠባል፣ ይጠብቃልም። እንዲህ የጠበቀ ሱፍ ሲቈረጥ ዳሩ አይተረተርም። የጥጥ ጨርቅ ሲሆን የቅርጹን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ግዴታ ነው፤ ለጠበቀ ሱፍ ግን ማጠፍ አያሻም። የሱፍ ልጥፍ ሥራ ለጀማሪ የሚቀለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለልጥፍ የመረጡትን ሱፍ ሁሉ ከመቍረጥዎ በፊት ስፌቱን ፈትተው፣ በሙቅ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አሽተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው በጥላ ያድርቁት። ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ለየብቻ ይታጠብ፤ ቀለሙ ሊለቅ ይችላልና። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፤ በረኪና ሱፍን ያሟሟል። ከደረቀ በኋላ ዳሩን በጥቂቱ ቈርጠው በጥፍርዎ ይሳቡት። ክር ከወጣ ገና አልጠበቀምና እንደ ገና ይታሽ። ይህን ሳያደርጉ የሰፉት እንደ ሆነ ካፖርቱ በአንድ ልክ፣ ቀሚሱ በሌላ ልክ ይጠቡና በመጀመሪያው እጥበት ብርድ ልብሱ ይጨማደዳል።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ሱፍ ወፍራም ስለሆነ ቅርጹ በጨርቁ ላይ ተኝቶ አይቀመጥልንም። በአንድ ወገን ስንሰፋ በሌላው ወገን ይሸሻል። አበባው ዙሪያውን ተሰፍቶ ሲያልቅ ግማሽ ጣት ያህል ከቦታው ርቆ ይገኛል፤ ወይም ጫፉ ላይ እጥፋት ይፈጠራል። ጊዜያዊ ማያያዣ የሚያስፈልገው ይህን ለመከልከል ነው።

ማናቸውንም ማያያዣ ሲመርጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፤ ሥራው እስኪያልቅ ይይዛልን? ሁለተኛ፤ ሥራው ሲያልቅ ምልክት ሳይተው ይወጣልን? ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በጥጥ ጨርቅ ላይ ሁለተኛውን መርሳት ብዙ አይጎዳም፤ ሙጫ ቢቀር በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይወጣልና። ሱፍን ግን እንደዚያ በሙቅ ውሃ ልናሸው አንችልም። ያጠበቀውና ያጠበበው ሙቅ ውሃ የተጠናቀቀውንም ሥራ ያጣምመዋል። በጥጥ ላይ መድኀኒት የሆነው እጥበት በሱፍ ላይ አደጋ ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ሽልል

ሽልል የሚባለው በረዣዥም እርምጃ ለጊዜው ብቻ የሚሰፋው ስፌት ነው። ለዚህ ሥራ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ የጥጥ ክር ይምረጡ፤ ጥቍርና ቀይ ክር በነጣ ሱፍ ላይ ቀለም ወይም ብናኝ ሊተው ይችላል። ክሩ ጠንካራ አይሁን። በሚወጣበት ጊዜ ቢያዝ እንኳ መበጠስ ያለበት እርሱ ነው እንጂ ሱፉ አይደለም።

የክሩ ቋጠሮ ከላይ ይሁን፤ ኋላ ፈልጎ ለመቍረጥ እንዲቀል። እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይርዘም። ትንሽ ቅርጽ ከሆነ መካከሉ ላይ አንድ መስቀለኛ ስፌት ይበቃዋል። ትልቅ ቅርጽ ከሆነ ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር ይሂዱ፤ ከዳር የጀመሩ እንደ ሆነ ትርፉ ጨርቅ ወደ መካከል ይገፋና ያብጣል። ሽልሉ ከቅርጹ ጠርዝ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ዋናው ስፌት በሽልሉ ላይ ከተሰፋ ሁለቱ ይተሳሰሩና አንዱን ለማውጣት ሌላውን መጕዳት ይመጣል። ክሩንም አጥብቀው አይሳቡት፤ ሱፉ መያዝ እንጂ መታነቅ የለበትም። ሲያወጡትም ረጅሙን ክር ከአንድ ጫፍ አይጎትቱ። በየሦስት በየአራት እርምጃው በመቀስ እየቈረጡ ቀስ ብለው ይምዘዙት።

ሽልል ጊዜ ይፈጃል። ነገር ግን ከሁሉ የሚታመን እርሱ ነው። ሥራውን በቦርሳ ይዘው ቢሄዱ፣ በምሳ ሰዓት ጥቂት ሰፍተው ቢያጥፉት፣ ለፈተና ጥናት ብለው ወር ሙሉ ቢያስቀምጡት ቅርጾቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

እስፒልና ስቴፕለር

እስፒል በቀጭን ጨርቅ ላይ መልካም ነው። ወፍራም ሱፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጨርቁን ወደ ላይ ያጎብጠዋል፤ ክሩም በየጊዜው በእስፒሉ ራስ ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግራል። ስለዚህ አጫጭሩን ይምረጡ፤ አንዱን ቅርጽ ሰፍተው እስኪጨርሱ ብቻም ይጠቀሙበት።

የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስቴፕለር በዚህ ሥራ ላይ መዋሉ ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የሱፍ ልጥፍ ሠሪዎች ብዙዎቹ የሚወዱት ዘዴ ነው። ሽቦው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሱፉን አያጎብጥም፤ ቅርጹም ወዲያውኑ ይያዛል። ሱፍ ልቅ ጨርቅ ስለሆነ የሽቦው ቀዳዳ በጣት ሲታሽ ይጠፋል። እጅግ ቀጭን በሆነው የኮት ጨርቅ ላይ ግን ቀዳዳው ሊታይ ይችላልና አስቀድመው በቍራጭ ይሞክሩት። ትንሹን ስቴፕለር በትንሹ ሽቦ ይጠቀሙ። ሽቦው በቅርጹ መካከል ይዋል እንጂ ጠርዙን አያቋርጥ። ሲያወጡትም ጨርቁን ገልብጠው ሁለቱን እግሮቹን አስቀድመው ያቅኑ፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ይሳቡት። እግሩ እንደ ታጠፈ ቢነቅሉት የሱፉን ጠጉር ይዞ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቈጠራ ነው። በንብረት ክፍል ዕቃ በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 እንደሚወጣ ሁሉ፣ ሃያ ሽቦ የገባበት ሥራ ሃያ ሽቦ ሊወጣበት ይገባል። አንዲት ሽቦ የቀረች እንደ ሆነ እርጥበት ሲነካት ዝጋ ሱፉን ታበላሻለች፤ ከዚያም የከፋ፣ ብርድ ልብሱን የለበሰውን ሕፃን ልትወጋ ትችላለች። ስቴፕለሩም የራስዎ ይሁን፤ የመንግሥት ንብረት በመሥሪያ ቤት ይቈይ።

ሙጫ

ሙጫ ፈጣን ነው፤ ስለ ፍጥነቱም ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አስቀድሞ ሙጫ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይወቁ። ለተማሪ ቤት ተብሎ የሚሸጠው፣ በላዩ በውሃ እንደሚታጠብ የተጻፈበት ነጭ ኮላ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ዐናጢ የሚጠቀምበት ነጭ ኮላ ግን፣ መልኩ አንድ ቢመስልም፣ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይመልሰውም። ከዱቄት የሚፈላውንም ሙጫ ያስወግዱ፤ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ተባይም ይጠራል። ሱፍ ደግሞ ብል የሚባል የራሱ ጠላት አለውና ሌላ መጨመር አያስፈልገውም።

በሚታጠበው ኮላ ሲጠቀሙ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነጠብጣብ በቅርጹ መካከል በሁለት በሦስት ቦታ ብቻ ያድርጉ። ጠርዙ ላይ ጠብታ አይድረስ፤ ደርቆ ሲጠጥር መርፌ አያስገባምና። ቅርጹን በቦታው አስቀምጠው ወፍራም መጽሐፍ ይጫኑበትና እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ በመጽሐፉና በሱፉ መካከል ግን ንጹሕ ወረቀት ይግባ። ሥራው ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነክረው፣ ሳያሹ ያለቅልቁት። እንደ ዱላ ተሠርቶ በወረቀት ላይ የሚታሸው ኮላ ደግሞ ይበልጥ ደካማ ነው፤ ደካማነቱ ግን እዚህ ላይ መልካም ጠባይ ነው። ዛሬ ማታ ለጥፈው ዛሬ ማታ ለሚሰፉት ትንሽ ቅርጽ ይሆናል፤ ለነገ የሚያድረውን ግን አይመኑት።

በቆርቆሮ ተሞልቶ የሚረጭ ጊዜያዊ ሙጫም አለ። ብዙው ዐይነት በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነው፤ ትንፋሹም ለሳንባ አይበጅም። ስለዚህ ምግብም መኝታም በአንድ ክፍል ለሆነበት ቤት፣ ይልቁንም ከሰል ወይም ቡታጋዝ በሚነድበት፣ ይህን አንመክርም።

በካውያ የሚጣበቀው

ልብስ ሰፊዎች ኮሌታን ለማጠንከር በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ጨርቅ እንደሚጠቀሙ ያውቃሉ። ለልጥፍ ሥራም እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ በሁለት ወገን የሚጣበቅ፣ ጀርባው ወረቀት የሆነ ተለጣፊ ይሸጣል። ቅርጹ በወረቀቱ ላይ ይሣላል፣ በካውያ ከሱፉ ጀርባ ይለጠፋል፣ ይቈረጣል፤ ከዚያም ወረቀቱ ተልጦ ከታችኛው ጨርቅ ጋር በካውያ ይጣበቃል። አይንሸራተትም፤ ቅርጹም በትክክል ይወጣል።

ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፤ የሚሣለው በጀርባ ስለሆነ ቅርጹ ተገልብጦ ይወጣል። ፊደል የሚለጥፉ ከሆነ አስቀድመው ገልብጠው ይሣሉ። ሁለተኛ፤ ይህ ማያያዣ ጊዜያዊ አይደለም። ከሁለቱ ጥያቄዎች ሁለተኛውን አይመልስም፤ አንዴ ከቀለጠ በሱፉ ውስጥ ይቀራል። ትልቅ ቅርጽ በሙሉ ቢለጠፍበት ለስላሳው ሱፍ እንደ ካርቶን ይጠነክራል። ስለዚህ የተለጣፊውን መካከል ቈርጠው ያውጡና በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ብቻ ያስቀሩ። ሦስተኛ፤ ካውያው በሁለት ነጥብ ምልክት፣ ማለት በሱፍ ልክ ላይ ይሁን፤ በመካከል እርጥብ ነጠላ ጨርቅ ይግባ፤ ካውያውንም ይጫኑት እንጂ አይጎትቱት።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ አንዳንድ የጥንት ጨርቅ ጠጋኞች ያረጁ ጨርቆችን በሰው ሠራሽ ሙጫ እየለጠፉ ለማዳን ሞክረው ነበር። ከጊዜ በኋላ ሙጫው የጠጠረባቸው ወይም የጠቈረባቸው ብዙ ናቸው፤ ተከታዮቻቸውም ያንን ለማስለቀቅ ብዙ ደከሙ። ዛሬ በቤተ መዘክር የሚሠሩ ጠጋኞች የሚመሩበት ሕግ የተሠራው ነገር ሊፈታ የሚችል ይሁን የሚል ነው። የአባትን ካፖርት ለያዘ ሰውም ይህ ሕግ ይሠራል።

ንብርብሩን ማያያዝ

ቅርጾቹ ሁሉ ተሰፍተው፣ ጊዜያዊው ማያያዣም ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ማያያዝ ይመጣል። ለገበር አቡጀዲ መልካም ነው፤ አስቀድሞ ይታጠብና ይጥበብ፤ ከላይኛውም በየአቅጣጫው አራት ጣት ያህል ይብለጥ። የላይኛው ወፍራም ሱፍ ከሆነ መካከለኛ ንብርብር አያስፈልግም፤ አለዚያ ብርድ ልብሱ ከሰው ይልቅ ይከብዳል።

ገበሩን በተጠረገ ወለል ላይ በመጥፎ ፊቱ ወደ ላይ ያንጥፉና ዳር ዳሩን በፕላስተር ያጣብቁ፤ ይዘርጋ እንጂ አይወጠር። በላዩ የተለጠፈበትን ሱፍ ያድርጉና ከመካከል ወደ አራቱ ማዕዘን ይሸልሉ፤ ከዚያም አንድ ጭብጥ ያህል እየራቁ በረድፍ ይሙሉት። እዚህ ላይ ከክር በቀር ሌላ አንመክርም። ሙጫ በዚህ ስፋት ሲገባ የሚያስፈልገው እጥበት ይበዛልና፤ ስቴፕለርም ቢሆን አፉ ወደ መካከል አይደርስም።

እንግዲህ የቱ ይሻላል?

ለትልቅ ቅርጽና ብዙ ጊዜ ለሚቈይ ሥራ ክር፤ ለመካከለኛ ቅርጽ ስቴፕለር ከነቈጠራው፤ እንደ አበባ እምብርት ላለ፣ መርፌና ሽቦ ለሚያስቸግረው ጥቃቅን ነገር አንዲት ጠብታ የሚታጠብ ኮላ፤ በካውያ የሚጣበቀው ደግሞ ጫፉ ለሾለና በሌላ መንገድ ለማይያዝ ቅርጽ ብቻ ይሁን። አንዱ ዘዴ ሌላውን አይከለክልም፤ በአንድ ብርድ ልብስ ላይ ሦስቱን መጠቀም ይቻላል።

ይህንንም በእኛ ቃል ብቻ አይመኑ። ከማይፈልጉት ሱፍ በስኒ አፍ ልክ አራት ክብ፣ በአንድ ብር ሳንቲም ልክ ደግሞ ሌላ አራት ትንንሽ ክብ ይቍረጡ። ትንሹን በትልቁ ላይ እያስቀመጡ አንዱን በሽልል፣ አንዱን በስቴፕለር፣ አንዱን በኮላ፣ አንዱን በካውያ ያያይዙና ዙሪያቸውን ይስፉ። የሚወጣውን ካወጡ በኋላ አራቱንም በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው በጥላ ያድርቁ። በማግስቱ በእጅዎ እያጠፉ ይመርምሯቸው፤ የትኛው እንደ ለሰለሰ፣ የትኛው እንደ ጠጠረ ጣትዎ ይነግርዎታል። ካልተበላሹም ለስኒ ማስቀመጫ ይሆናሉ። ካፖርቱን በመቀስ የሚነኩት ከዚያ በኋላ ይሁን።

በሚመጣው ጊዜ ስለ ጠርዝ ስፌት እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ሱፉን አጥባችሁ አድርቃችሁ ጠብቁን።